ጠላና ቅራሪ፦ የዕለት መጠጥ አጠማመቅና ጥንቃቄው

ጠላ በሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በየቤቱ የሚጠመቅ፣ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚዘጋጅ ባህላዊ መጠጥ ነው። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባሉት መጠጦችም አዘገጃጀታቸው ከቦታ ቦታ ጥቂት ቢለያይም በመሠረቱ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለሰርግ፣ ለተዝካርና ለማኅበር የሚደገሰው ጠፍ ያለ ጠላ ብዙ የተነገረለት ሲሆን፣ በአዘቦት ቀን በገበሬው ቤት፣ በደቦ ሥራ ላይና በከተማ ጠላ ቤቶች የሚቀዳው ቀላሉ ጠላና ቅራሪው ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ይህንኑ የዕለት መጠጥ ነው።

ጉዳዩ ከምግብ አሠራር ያለፈ ነው። የወረዳ ጤና ባለሙያ ጠላን ከውሃ ወለድ በሽታና ከአልኮል ጉዳት ጋር አያይዞ ይመለከተዋል። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ስለሌለው ሥራ ያነሳል። የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ደግሞ በየቀበሌው ልጆቻቸውን በጠላ ገቢ የሚያሳድጉ እናቶችን ታገኛለች። አንዱ ጋን በአንዱ ቢሮ ጎጂ፣ በሌላው ቢሮ መተዳደሪያ ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው። ስለዚህም መጠጡ ከምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልና በየትኛው ደረጃ ላይ በቀላሉ ሊሻሻል እንደሚችል ማወቅ ለውሳኔ ይጠቅማል።

ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ በሀገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስላካሄደው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ ለተማረኩት ሰዎች በጉዞ ላይ ከተሰጣቸው ቀለብ መካከል ከእህል የተጠመቀ መጠጥ ተጠቅሷል። በኋለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ጠጅ ለመኳንንቱ፣ ጠላ ለሠራዊቱና ለተራው ሰው ይቀርብ እንደነበር የታወቀ ነው። የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠላ እስከዚያ ድረስም ከዚያ ወዲህም የብዙሃኑ መጠጥ ሆኖ ቆይቷል።

ብቅልና ጌሾ

የጠላ ኃይል የሚመነጨው ከብቅል ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ታጥቦ ለአንድ ቀን ያህል በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም ውሃው ጠፍቶ እህሉ በኮባ ቅጠል ይሸፈንና ከላይ ድንጋይ ተጭኖበት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ይቀመጣል። እህሉ ሲበቅልና ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝ ወጥቶ፣ ተበታትኖ በፀሐይ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይፈጫል። በቡቃያው ወቅት በእህሉ ውስጥ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት የመለወጥ ችሎታ አላቸው። ብቅል በምጣድ የማይቆላበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ኃይለኛ እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋልና። እናቶች ብቅል እሳት እንዳይነካው የሚያደርጉት ጥንቃቄ በሳይንሱም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ዋነኛ ስጋት ሻጋታ ነው። በክረምት ወራት ፀሐይ ስለሚጠፋ ብቅሉ ሳይደርቅ ይቆይና ሻጋታ ይይዘዋል። በሻገተ እህል ላይ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሊፈጠር ይችላል። መርዙ በጉበት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሲሆን በመፍላትም ሆነ በማጥለል ሙሉ በሙሉ አይወገድም። በመሆኑም የሻገተውን ብቅል ለይቶ አጥቦ መጠቀም መፍትሔ አይሆንም። የሚበጀው ለክረምቱ የሚሆነውን ብቅል በበጋው አዘጋጅቶ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለና አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ጌሾ በሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች በጓሮ የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉም እንጨቱም ለመጥመቂያነት ያገለግላሉ። ቅጠሉ ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ እንጨቱ ደግሞ ተቀጥቅጦና ተሰነጣጥቆ ይገባል። የጌሾ ጥቅም በሌሎች ሀገሮች ሆፕ ለተባለው ተክል ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ይመሳሰላል፤ መራራ ጣዕም ይሰጣል፣ አንዳንድ መጠጡን የሚያበላሹ ጥቃቅን ሕዋሳትንም ይገታል። ከዚህም ሌላ መጠጡን የሚያፈላው እርሾ ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉና ቀደም ሲል ጠላ ከነበረበት የሸክላ ዕቃ ግድግዳ ይገኛል። ከውጭ የሚጨመር እርሾ የማያስፈልገውም በዚህ የተነሳ ነው።

አጠማመቁ

የመጀመሪያው ሥራ ዕቃ ማጽዳት ነው። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ፍልጥ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ጭሱ ለጠላው የሚወደደውን መዓዛ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የቀሩትን አላስፈላጊ ሕዋሳት ይቀንሳል። ሸክላ በሳሙና ሲታጠብ ሽታውን ስለሚይዝ ግራዋን የሚተካ ነገር እምብዛም የለም።

ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ፣ ለ30 ሊትር ገደማ ቀላል ጠላ፣ 1 ኪሎ ግራም ብቅል፣ ለቂጣ የሚሆን 2 ኪሎ ዱቄት፣ 2 ኪሎ የገብስ አሻሮ፣ 300 ግራም ያህል የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ግማሽ ኪሎ የጌሾ እንጨት ለመነሻ ይበቃል። የየቤቱ እጅ የተለያየ በመሆኑ ይህ ልክ እንደ ግምት እንጂ እንደ ድንጋጌ አይወሰድም። ለድግስ የሚጠመቀው ጠላ ለዚሁ ውሃ እህሉን እስከ እጥፍ ሊያደርስ ይችላል።

ሥራው በጥንስስ ይጀመራል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በጋኑ ውስጥ በውሃ ይበጠበጥና ከሁለት እስከ አራት ቀናት ይቀመጣል፤ ከብቅሉ ጥቂቱ በዚህ ጊዜ ይጨመራል። ጥንስሱ መፍላት ሲጀምር አረፋ ያወጣል፣ ጌሾውም ወደ ላይ ይነሳል። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ተቦክቶ ቂጣ ይጋገራል። ቂጣው በደንብ ከበሰለ በኋላ ቀዝቅዞ ይፈረፈርና ከቀሪው ብቅል ጋር ወደ ጥንስሱ ይገባል። ቂጣ መጋገር ከልማድ የመጣ ብቻ አይደለም። ጥሬ ስታርች ለብቅሉ ኢንዛይም አይመችም፤ በውሃ ተቦክቶ በእሳት ሲበስል ግን ይፈታል፣ ወደ ስኳርነትም በቀላሉ ይለወጣል። የቢራ ፋብሪካ በትልቅ ጋን አሙቆ የሚሠራውን ሥራ የሀገራችን ሴት በምጣዷ ላይ ትሠራዋለች። ቂጣው ትኩስ እያለ መጨመር ግን እርሾውን ስለሚገድል ጠላው ሳይፈላ ይቀራል፤ ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ አሻሮው ይገባል። አሻሮ የሚባለው ታምሶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ በምጣድ ላይ ይታመስና እንኩሮ ይባላል። የጠላውን መልክና ጣዕም የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው። በጣም የጠቆረ አሻሮ ጥቁር ጠላ ያስገኛል፤ ይሁን እንጂ እሳቱ ሲበዛ ከእህሉ የሚገኘው ስኳር እየቀነሰ ስለሚሄድ የጠቆረ ጠላ ሁሉ ኃይለኛ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ጠጪዎች መልኩን አይተው የሚፈርዱት ፍርድ በዚህ ረገድ ስህተት ነው። ይህ ሁሉ ከጌሾው እንጨት ጋር ተደባልቆ ሲወፍር ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ከቆየ በኋላ ቀሪው ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይዘጋል። ቀደም ሲል በጭቃ ይመረግ ነበር፤ ዛሬ በከተማ ንጹሕ ጨርቅና ፕላስቲክ ተተክተዋል። ሙሉ በሙሉ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ ከታሸገ ግን ፍላቱ ጋኑን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ጠላው ከሁለት እስከ አምስት ቀናት ውስጥ ይደርሳል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ብርዳማ ስፍራ ጊዜው ይረዝማል፤ በቆላ ያጥራል። አዲስ የደረሰውና ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ ይባላል። ጉሹ ሲረጋ ከላይ ጠለል ያለው ይቀዳል፤ በጨርቅ ተጠልሎ ጠንከር ተደርጎ የሚዘጋጀው ደግሞ በከተሞች ፊልተር በሚል ስም ይሸጣል። ተራ ጠላ የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን፣ ፊልተር ከ5 እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፊልተር የፋብሪካ ቢራን የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ መሆኑን ሻጩም ጠጪውም ማወቅ ይገባቸዋል።

ጠላ ብዙ የሚቆይ መጠጥ አይደለም። ጋኑ ተከፍቶ አየር ባገኘ ቁጥር አልኮሉን ወደ ኮምጣጤነት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይጀምራሉ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠላው ይኮመጥጣል። በመሆኑም ለአዘቦት የሚጠምቅ ቤተሰብ ከአንድ ትልቅ ጋን ይልቅ ሁለት ትናንሽ እንስራዎችን ቢጠቀምና አንዱን ሳይከፍት ቢያቆይ ብክነቱን ይቀንሳል።

ቅራሪና ዘመዶቹ

ዋናው ጠላ ተቀድቶ ሲያልቅ በጋኑ ውስጥ የሚቀረው ድፍድፍ ገና ጥቂት ኃይል አለው። በላዩ ላይ ውሃ ተጨምሮበት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሲያድር የሚገኘው ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ቅራሪ ይባላል። ቅራሪ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ለቤተሰቡ፣ ለእረኛውና ለአጫጁ ነው። በመጸው ከፀሐይ በታች ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ ሰው ጥሙን የሚቆርጠው በእርሱ ነው። ከድግሱ ጠላ ጋር ሲነጻጸር የሚንቀው ሰው ብዙ ቢሆንም፣ ለሥራ ቀን የተሻለው መጠጥ እርሱ መሆኑ አያጠያይቅም።

ሆኖም የጥንቃቄው ዋና ነጥብ የሚገኘውም እዚሁ ነው። የፋብሪካ ቢራ በሚመረትበት ጊዜ ጭማቂው ለረጅም ጊዜ ይፈላል። ጠላ ግን በየትኛውም ደረጃ በእሳት አይፈላም። በድፍድፉ ላይ የሚሞላው ውሃ ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ከሆነ የያዘውን ይዞ ይገባል። ጠንካራ ጠላ ውስጥ የአሲዱ፣ የአልኮሉና የጌሾው ኃይል ተደምሮ ብዙውን ጀርም ያዳክማል፤ በቅራሪ ውስጥ ግን ሦስቱም ቀጥነዋል፣ የመቆያ ጊዜውም አጭር ነው። ስለዚህ መጠጡ በቀለለ ቁጥር የውሃው ንጽሕና ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ አቀዝቅዞ መጠቀም ወይም በጤና ባለሙያ ምክር መሠረት በውሃ ማከሚያ ማከም ያስፈልጋል። በክሎሪን በታከመ ውሃ ጠላ አይፈላም የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ውሃው ክፍት በሆነ ሰፊ ዕቃ አንድ ሌሊት ካደረ ክሎሪኑ በአብዛኛው ስለሚወጣ ይህ ችግር ይቃለላል። በአተት ወረርሽኝ ወቅት በየጠላ ቤቱ ለሚሰጥ ትምህርት ከዚህ የበለጠ አጭርና ጠቃሚ መልእክት ማግኘት ያስቸግራል።

በጎንደርና በአካባቢው ኮረፌ የሚባል ሌላ መጠጥ አለ። ገብሱ ተሸክሽኮ፣ በውሃ አድሮ፣ ታምሶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ለሦስት ወራት ይቀመጣል። በተፈለገ ጊዜ ከድፍድፉ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና በአንድ ቀን ፍላት አረፋማ ሆኖ ለመጠጥ ይደርሳል። ድፍድፉ የተዘጋጀ በመሆኑ እንግዳ ድንገት ቢመጣ የማያሳፍር ዘዴ ነው። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ቦርዴና ጨቃ ከመጠጥነታቸው ይልቅ እንደ ምግብ የሚታዩ ወፍራም መጠጦች ናቸው። ጌሾ የማይገባበትና ከገብስ አሻሮ ከስኳር ጋር የሚዘጋጀው ቀሪቦ ደግሞ አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች በዓላት ዘወትር የሚቀርብ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ቅራሪ በሚቀዳበት ጊዜ ለእነርሱ ቀሪቦ ማዘጋጀት የተሻለ አማራጭ ነው፤ ቅራሪ ቢቀጥንም አልኮል አለበት።

የእህሉ ዓይነት አካባቢውን ይከተላል። ሰሜን ሸዋ ገብስ ያመዝናል። ጎጃም ዳጉሳና በቆሎ፣ ወሎ ማሽላ ይገባበታል።

ጠላ ቤት እንደ መተዳደሪያ

በከተማ መንደሮች በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ሲታይ ጠላ እንዳለ ያመለክታል። ሥራው በአብዛኛው በሴቶች፣ በተለይም ቤተሰብ በሚመሩ ሴቶች እጅ ያለ ነው። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጋን፣ ምጣድና የአንድ ጥንስስ እህል ይበቃል። የሚጠይቀው ጉልበትና ጊዜ ነው፤ ከብቅል እስከ መቅዳት ከሳምንት በላይ ይፈጃል፣ መጋገሩና ማመሱ ደግሞ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ውስጥ የሚከናወን ነው። የማገዶ ወጪው ከእህሉ ቀጥሎ የሚከብድ ሲሆን፣ የጭሱ ጉዳት ግን በሒሳብ ውስጥ አይገባም። በዚህ ረገድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለጠላ ጠማቂዎች ቅድሚያ ተሰጥቶ ቢቀርብ ጥቅሙ በአጭር ጊዜ ይታያል።

እህል ሲወደድ ጠማቂዋ በብርጭቆ ዋጋ ላይ መጨመር ትቸገራለች፤ ደንበኛው ዕለታዊ ገቢ ያለው ሠራተኛ ነውና። ያላት ምርጫ ውሃውን ማብዛት ወይም ጥራቱን መቀነስ ነው። በሌላ በኩል የቢራ ፋብሪካዎች መስፋፋት፣ በተለይም በ2003 ዓ.ም. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎች ወደ ውጭ ኩባንያ ከተዛወሩ ወዲህ የታየው ውድድር፣ ለድራፍት የሚከፍል ደንበኛን ከጠላ ቤት ወስዷል። የቀረው ደንበኛ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው።

ስለዚህ በቁጥጥር ሥራ ላይ ጠላን ከአረቄ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አረቄ ተነጥሮ የሚወጣ፣ አልኮሉ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ የሚችል መጠጥ ነው። በተለያዩ ሀገሮች ሰዎችን ለሞትና ለዓይነ ስውርነት የዳረገው የሜታኖል መመረዝ በአብዛኛው የተከሰተው ከተበረዙ ወይም በሕገወጥ መንገድ ከተነጠሩ ጠንካራ መጠጦች ነው። ሁለቱን በአንድ ዘመቻ ማሸግ ጠማቂዋን ወደ ባሰው ሥራ ሊገፋት ይችላል፤ አረቄ አይበላሽም፣ ለመደበቅም ይቀላልና። ይህ ማለት ጠላ ከጉዳት ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚጠጣ ሰው ከ3 በመቶ መጠጥም ብዙ አልኮል ይወስዳል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን የከለከለ ሲሆን፣ ወጣቶች ከትምህርት ቤት መልስ በሚያዘወትሯቸው ጠላ ቤቶች ላይ በቀዳሚነት መታየት ያለበት ይህ ድንጋጌ ነው።

ለቁጥጥር ባለሙያ በአንድ ጉብኝት ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ብቅሉ የሻገተ መሆን አለመሆኑ፣ ብርጭቆው በምን እንደሚታጠብና ጠላው የተቀመጠበት ዕቃ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጠላ አሲድ አለው፤ በዚንክ በተለበጠ ወይም በዛገ በርሜል ሲቀመጥ ብረቱን ያሟሟል። ቀደም ሲል ቀለም፣ ፀረ ተባይ ወይም ኬሚካል የነበረበት የፕላስቲክ በርሜልም ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ሸክላ፣ ወይም ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ብቻ መጠቀም ይገባል።

ከሀገር ውጭ ያሉ ወገኖችም ጠላ ይጠምቃሉ። በአሜሪካና በእስራኤል በኢትዮጵያውያን መደብሮች የደረቀ ጌሾ ይሸጣል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅን የፈቀደ ሲሆን፣ መጠኑም ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤተሰብ በዓመት 200 ጋሎን ነው፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። በሳዑዲ አረቢያና በኩዌት ሁኔታው ፍጹም የተለየ ነው። በእነዚህ ሀገሮች በቤት ውስጥ የአልኮል መጠጥ ማዘጋጀት፣ ለራስ መጠጥም ሆነ ለበዓል፣ ለእስራትና ከሀገር ለመባረር የሚያበቃ ወንጀል ነው። ለሥራ ወደዚያ ለሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ትምህርት ጠላም በስሙ ተጠርቶ ሊነገራቸው ይገባል፤ ብዙዎች ጠላን ከአልኮል መጠጥ አይቆጥሩትምና።

ቅራሪውም ካለቀ በኋላ በጋኑ ውስጥ የሚቀረው አተላ ይባላል። አተላ ከእህሉ የቀረውን ፕሮቲን የያዘ በመሆኑ ለወተት ላሞችና ለሚደልቡ በሬዎች መኖ ይሆናል፤ በከተሞችና በዙሪያቸው ከብት አርቢዎች ከጠላ ቤቶች በጀሪካን ይገዙታል። እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ በሁለት ቀን ውስጥ መመገብ ይኖርበታል፤ የሻገተ ብቅል የገባበት ከሆነም ለከብት አይሰጥም፤ መርዙ በላሟ ወተት በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ይደርሳል።